ጥሬው ድምፅ

ተለማማጇ መምህር አንድ ጊዜ ወድቃለች። ሁለተኛ ከወደቀች ኮሌጁ በሩን ይዘጋባታል፤ ሦስተኛ ዕድል ብሎ ነገር የለም። ያን ጊዜ የወደቀችው ዕውቀት አንሷት እንዳይመስላችሁ። ትምህርቱን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ገምጋሚዎቹ ያሏት አንድ ነገር ነው፤ «የምታስተምሪውን ታውቂያለሽ፣ የምታስተምሪያቸውን ልጆች ግን አታዪያቸውም።» እሷ ይህን እንደ ስድብ ወሰደችው እንጂ እንደ ምክር አልሰማችውም።

ዓመቱን በታላቅ እህቷ ፀጉር ቤት ወለል ስትጠርግ ከረመች። እህቷ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉው ምላሷ ነው። አዲስ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ቁጭ ባለች ቁጥር፣ «ይቺ እህቴ እኮ መምህር ናት። ለጊዜው መጥረጊያውን እያስተማረችው ነው» ትላለች። ደንበኛዋ ትስቃለች። ተለማማጇም አብራ ትስቃለች፤ ምን ታድርግ። እናም ዘንድሮ ልምምዱን እንደገና ስትጀምር፣ የመጣው ቢመጣ አልፋለሁ ብላ ለራሷ ማለች። ልብ በሉ፣ ጥሩ መምህር እሆናለሁ አላለችም። አልፋለሁ ነው ያለችው።

የተመደበችው ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ላይ ነው። የክፍሉ ዋና መምህር ጡረታ አፋፍ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው፤ ኮታቸው ከኪሱ እስከ ክርኑ ነጭ አቧራ ስለማይለየው ተማሪዎቹ «ጠመኔ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፣ ደስም ይላቸዋል። ተለማማጇ የመጨረሻ ትምህርቷን በመልቲሚዲያ ማቅረብ እንዳለባት ስትነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩዋትና፣ «እኔ በጠመኔ ብቻ ይኸው ስንቱን አስተምሬ ለወግ አብቅቻለሁ። አንቺ ደግሞ ሲኒማ ልታሳዪን ነው?» አሉ።

«ኮሌጁ ነው ያዘዘው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ኮሌጁ ይቅናው።»

ኮሌጁ ያዘዘው ይህ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል፣ ድምፅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተማሪ ተሳትፎ። ትልቁን ነጥብ የሚይዘው ይኸው ተሳትፎ የሚሉት ነገር ነው። ተለማማጇ ይህን ካነበበች በኋላ ከኮምፒውተር ክፍሉ አልወጣ አለች። የክፍሉ ቴክኒሻን ማስቲካ የሚያኝክ ዝግተኛ ሰው ነው፤ ቁጣ የሚባል አልፈጠረበትም። ሥዕል እንዴት እንደሚደረደር፣ እንዴት በራሱ ጊዜ እንደሚያልፍ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚቆረጥ አንድ በአንድ አሳያት። ድምፁ ስክሪኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ እያለ ይታያል፤ የማይፈለገውን መርጦ ማጥፋት ነው።

«አንድ ነገር ብቻ አትርሺ» አላት። «ቆርጠሽ ስትጨርሺ እንደ አዲስ ድምፅ አድርገሽ አውጪው። ካላወጣሽው የቆረጥሽው እዚህ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ነው የሚሰማሽ። ዋናው ቅጂ እንዳለ ቁጭ ብሏል ማለት ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለች። የገባትስ ገብቷት ነበር። መግባትና አለመርሳት ለየቅል ናቸው እንጂ።

የመረጠችው ርዕስ ልብ ነው። ደም የሚረጨው፣ ደረታችን ውስጥ ያለው ልብ። ተማሪዎቹን ስለ ልብ የምታውቁትን ጻፉ ብላ ወረቀት ሰበሰበች። ከሁሉ የበለጠ የጻፈችው ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ልጅ ሆና ተገኘች። ይህቺን ልጅ ክፍሉ በሙሉ «ሞተር» ነው የሚላት። ትንተባተባለችና፣ አንድ ቃል ለመጀመር እንደማይነሳ ሞተር ደጋግማ ትሞክራለች፤ ከኋላ ያሉት ደግሞ በአፋቸው «ግር... ግር...» እያሉ ያግዟታል። ስለዚህ ልጅቷ ክፍል ውስጥ መናገር ካቆመች ቆይታለች። ጠመኔም አይጠይቋትም። አዝነውላት ይሁን ጊዜ ቆጥበው፣ እሳቸው ይወቁት።

ተለማማጇ ወረቀቱን ስታነብ ሁለት ነገር በአንድ ላይ መጣላት። አንደኛው፣ ይቺ ልጅ አንጀት ትበላለች የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ተሳትፎ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ይቺን ልጅ ካናገርኩ ማን ይጥለኛል የሚል ነው። የትኛው ቀድሞ መጣ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እሷም አታውቀው።

ልጅቷን በእረፍት ሰዓት ጠራቻት። «የጻፍሽውን ራስሽ እንድታነቢልኝ እፈልጋለሁ። ሥዕሉ እየሄደ ያንቺ ድምፅ ይሰማል» አለቻት።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። አይሆንም ነው።

«ስሚኝ። ስትደናቀፊ የተቀዳውን በሙሉ እኔ ቆርጬ አወጣዋለሁ። የሚቀረው ጥሩ ጥሩው ብቻ ነው። ጥሬውን ደግሞ አጠፋዋለሁ። ከእኔና ከአንቺ በቀር ሰው አይሰማውም። ቃሌ ነው።»

ልጅቷ ረጅም ጊዜ አየቻት። ሰው ቃሌ ነው ሲላት የመጀመሪያዋ መሆን አለበት፤ አመነቻት።

የቀዱት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች በተከመሩባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ስልኩን መጻሕፍት ደራርባ አናቱ ላይ አስቀመጠችው። ቀረጻው ሲቋረጥና ሲጀመር ልጅቷ ስለምትደነግጥ፣ ተለማማጇ አንዴ ከፍታ እስከ መጨረሻው ተወችው። «ል... ል... ል... ልብ ጡ... ጡንቻ ነው።» ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች። ቀጥሎ የመጣው «የጡጫችንን ያህላል» የሚለው ነበር፤ እዚያ ላይ ልጅቷ ተሰነገች። ጡ... ጡ... ጡ... አንገቷ ተገታተረ፣ ዓይኗ ተጨፈነ፣ ትሞክራለች፣ ምራቋን ትውጣለች፣ እንደገና ትሞክራለች። ደወሉ ሊደወል ነው። ተለማማጇ መጀመሪያ ታገሰች፣ ቀጥሎ ከንፈሯን ነከሰች፣ በመጨረሻ አመለጣት።

«ኧረ በፈጣሪ፣ እንደ ሰው ተናገሪ!»

ልጅቷ ወረቀቷን አጠፈችው። ተለማማጇ ወዲያው ተነስታ አቀፈቻት፤ ይቅር በይኝ የኔ እናት፣ ደክሞኝ ነው፣ አንቺን አይደለም አለች። ውሃ አጠጣቻት። ልጅቷም ይቅር አለች፤ ልጅ ይቅር ለማለት ምን ይፈጅበታል። ወረቀቱን ዘርግታ እስከ መጨረሻው ታግላ አነበበችው።

መቁረጡ ነው እንግዲህ ሥራ ማለት። ተለማማጇ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ ከእያንዳንዱ ቃል ፊት የተደረደረውን መንተባተብ ለቀመች። በመጨረሻ አንድ ጥርት ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ዝግ ያለ የልጅ ድምፅ ወጣ። «ልብ ጡንቻ ነው። የጡጫችንን ያህላል። እኛ ስንተኛ እሱ አይተኛም።» ተለማማጇ ራሷ አፏን ያዘች። ልጅቷን ጠርታ ማዳመጫውን አደረገችላት። ልጅቷ ሰማች። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ በውሃ ተሞላ፣ በጣቷ ድገሚልኝ አለች። ደገመችላት። እንደገና ድገሚልኝ አለች።

«እ... እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ። ማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

ያን ሰዓት ተለማማጇ ልጅቷን ከልቧ ወደደቻት፤ ይህን አልነፍጋትም። ልጅቷ እናቷ መጥታ እንድትሰማ ትችል እንደሆነ በብዙ ትግል ጠየቀቻት። እናቷ ልብስ ሰፊ ነች፤ ልጇ አንድ ነገር ሳትደናቀፍ ስትናገር ሰምታ አታውቅም። ተለማማጇ ደስ አላት። ወላጅ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ነጥብ አለው።

ጥሬውን ግን አላጠፋችውም። ላጥፋ ስትል ፕሮግራሙ፣ ይህን ካጠፋሽ የቆረጥሽው ሁሉ አብሮ ይጠፋል አላት። እንግዲያ መጀመሪያ ላውጣው፣ ከዚያ አጠፋዋለሁ ብላ አሰበች፤ በዚያው ሥዕሎቹ ወሰዷት። የልቡ ምት፣ የደሙ ፍሰት፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው። እያንዳንዱን ሥዕል ከልጅቷ ንግግር ጋር በሰከንድ አስማማችው። በኋላ ድምፁን ከሥዕሎቹ ጋር ስታያይዝ ማህደሩ ውስጥ ያለው የድምፅ ፋይል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን አያያዘች። ሞከረችው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞክራዋለች፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ ጠመኔ ክንዳቸው ላይ ራሳቸውን ጥለው ሲያንቀላፉ፣ እንዳትቀሰቅሳቸው ድምፁን ዘግታ። ሥዕሉ እንደ ሰዓት ይሄዳል። ድምፁንማ በቃሏ ታውቀው የለ።

ቀኑ ደረሰ። የክፍሉ መስኮቶች በካርቶን ተሸፈኑ። ገምጋሚዋ ከኮሌጁ መጡ፤ ሻርፕ የደረቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ሴት ናቸው። ጠመኔ በሩ አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። የልጅቷ እናት ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቀጥ ብላ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ዞር ብላ እናቷን ታያለች፣ ፈገግ ትላለች፣ መልሳ ወደ ፊት ታያለች።

«ዛሬ የምታስተምራችሁ እኔ አይደለሁም» አለች ተለማማጇ። «ከመካከላችሁ አንዷ ናት።» ቁልፉን ተጫነች።

ልቡ ግድግዳው ላይ መምታት ጀመረ። «ል...» አለ ድምፁ። «ል... ል... ል...»

ተለማማጇ ክው አለች። ጆሮዋን ማመን አቃታት። ከኋላ አንዱ፣ «ሞተር ልትነሳ ነው» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ግር... ግር... የሚለውም ተጀመረ። እጇ ወደ ቁልፉ ሄደ፣ ጣቷ ነካው። አንድ ጊዜ መጫን ነበር፤ ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ፣ ማለት ነበር። ግን ከመጫኗ በፊት ቀና አለችና ገምጋሚዋን አየች።

ገምጋሚዋ መነጽራቸውን አውልቀዋል። በአንድ እጃቸው ተማሪዎቹን ዝም በሉ ይላሉ፣ በሌላው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ተማሪዎቹ ዝም አሉ። ከዚያ ሴትየዋ ወረቀታቸው ላይ አጎንብሰው በፍጥነት መጻፍ ጀመሩ።

የተለማማጇ ጣት ከቁልፉ ላይ ተነሳ።

ምን ልበላችሁ። ሰው የሚገዛው በትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ሴት ዓይኗን ስትጠርግ ማየት ይበቃል። እጇን ሰብስባ ቆመች፤ ፊቷንም አሳዘነችው።

ድምፁ ይታገላል፣ ሥዕሎቹ ግን ማንንም አይጠብቁም። በተቆረጠው ድምፅ ልክ ነው የተሰፉት። ልጅቷ «ጡንቻ ነው» ሳትል የደም ሥሮቹ መጥተው ሄዱ። ሳንባው መጣ፣ ሄደ። የተኛው ሕፃን ሥዕል መጣ፣ ሄደ። «አመሰግናለሁ» የሚል ጽሑፍ ታየ፣ እሱም ጠፋ። ግድግዳው ጨለመ፤ በጨለማው ውስጥ የልጅቷ ድምፅ ብቻውን ጡ... ጡ... ጡ... ይላል። ልጅቷ ግድግዳውን አላየችም። ከመጀመሪያው አንስቶ የምታየው ተለማማጇን ነው። አታለቅስም፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ አሁን ታቆመዋለች እያለች።

ከኋላ አግዳሚው ተንቋቋ። እናትየዋ ተነሳች፣ ሜትሩን ከአንገቷ ጎትታ ጨበጠችው፣ በልጆቹ ጉልበት መሀል እየተጋፋች ወጣች። በሩ ላይ ጠመኔ መንገድ ለቀቁላት። ወደ ልጇ አልዞረችም።

ተለማማጇ ይህን ሁሉ አየች። ያዳመጠችው ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ቀረጻ ቃል በቃል ታውቀዋለች። ልጅቷ «ጡ» ስትል ትቆይና ምራቋን ትውጣለች፣ እንደገና ትሞክራለች፣ ምራቋን ትውጣለች፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የልጅቷ ድምፅ አይደለም። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ልጅቷ ምራቋን ስትውጥ ተሰማ። ተጫነችው።

ዝም አለ።

ልጅቷን ሳታድን ራሷን አዳነች፤ ያውም ሰከንድ ሳታዛንፍ።

ገምጋሚዋ ተነሱ። «በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ» አሉ። «ሁሉም ቀባብቶ፣ አሳምሮ ነው የሚያቀርብልን። አንቺ ግን የልጅቷን ድምፅ እንዳለ አመጣሽው። ሥዕሉ እንኳ ጥሏት ሄዶ በጨለማው ውስጥ ድምፅዋ ብቻ ሲቀር... ይህን እንዴት አሰብሽው?»

ሰው ዓይኑን በጨው ሲያጥብ ይታያችሁ። «ልጆቹ ትግሏን እንዲሰሙት ፈልጌ ነው» አለች ተለማማጇ።

«ተስማምታ ነው?»

«እንዴታ። አብረን ነው የሠራነው።»

ገምጋሚዋ ደግ ሴት ናቸው፤ ልጅቷንም መጠየቅ አለብኝ አሉ። ወደ መስኮቱ ሥር ሄደው ጎንበስ አሉላት። «የኔ ልጅ፣ እንዲህ እንዲሰማ ፈቅደሽ ነው አይደል?»

ልጅቷ ተነሳች። ክፍሉ በሙሉ ያያታል። አፏን ከፈተች። «ቲ...» አለች። «ቲ... ቲ... ቲቸር...» ይህን ብላ ቀጣዩን ቃል ፍለጋ ገባች። ገምጋሚዋ ይጠብቃሉ። ጠመኔ ይጠብቃሉ። ተለማማጇ ሁለት እርምጃ ተራመደችና እጇን በልጅቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«ፈቅዳለች። ሰው ሲበዛ ትጨነቃለች እኮ፤ አናስቸግራት» አለች፤ ድምፅዋ ማር ነው።

«እውነትሽን ነው፣ እውነትሽን ነው» አሉ ገምጋሚዋ፤ ማጨብጨብ ጀመሩ። ክፍሉም አጨበጨበ። ግር... ግር... ሲሉ የነበሩት ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ። ልጅቷ አፏ እንደተከፈተ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ውጤቱ እዚያው ተነገራት። ከፍተኛው ነው። ገምጋሚዋ ሌሎች ተለማማጆች እንዲማሩበት ቅጂውን ፈለጉ፤ ፍላሽ አወጡ። «ትንሽ ላስተካክለውና» ብላ ተለማማጇ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሮጠች። ያስተካከለችው አንድ ነገር ነው፤ ከ«ጡ» በኋላ ያለውን በሙሉ ቆረጠች። የራሷን ድምፅ አጠፋች፣ የልጅቷን ተወች። ቆርጣ ስትጨርስ እንደ አዲስ አወጣችው። ይህን ጊዜ ማውጣቱን አልረሳችም። ቴክኒሻኑ ከአጠገቧ ማስቲካውን እያኘከ፣ «አየሽ፣ ቀላል ነው እኮ» አላት።

ፍላሹን ሰጥታ ስትመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ጠመኔ ሰሌዳውን እየጠረጉ ነው፤ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ። ሳይዞሩ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ መምህር» አሏት። አባባላቸውን አልወደደችውም። ወጡ።

ቦርሳዋን ስትዘጋ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። ደጅ እናቷን ፈልጋ አጥታት ነው የተመለሰችው። ፀጉሯ እንደተሠራ ነው። ወደ ውስጥ አልገባችም፣ መንገድም አልለቀቀችም። አፏን ከፈተች።

«ለ... ለ... ለ...»

ተለማማጇ ጠበቀች። ልጅቷ ምን ልትል እንደሆነ ልቧ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ነው የጠበቀችው ጊዜ ትንሽ የሆነው። አንገቷ ተገታተረ፣ ዓይኗ ተጨፈነ። ስልኩ ጮኸ፤ እህቷ ናት።

«ነገ ትነግሪኛለሽ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?» አለች ተለማማጇ። ጉንጯን ነካ አድርጋ፣ በጎኗ ሹልክ ብላ አለፈች። ነገ ብሎ ነገር የለም። ልምምዱ ዛሬ አልቋል፣ ነገ እዚህ ትምህርት ቤት አትመጣም። ልጅቷ ይህን አታውቅም።

ኮሪደሩ ውስጥ እየሄደች ስልኩን አነሳች። «አለፍኩ» አለች። «ከሁሉም በላይ ነው ያመጣሁት።»

እህቷ እልል አለች። መጥረጊያውን ልጥለው ነው፣ ደንበኞቼ ሁሉ ይስሙ፣ እህቴ መምህር ሆነች ትላለች። ከዚያ ድንገት፣ «ቆይ፣ ከኋላሽ የሚሰማው ምንድን ነው? አንድ ነገር ለ... ለ... ይላል» አለቻት።

ተለማማጇ እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።

«ምንም አይደለም» አለች። «አንዲት ተማሪ ናት።»